ኖራ ቭራቤል የተራመደችው ቤት

ኖራ ቭራቤል ከእንጨቱ ደረጃ ግርጌ፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ተገኘች። ጥቁሩ መነጽር ዓይኗ ላይ እንደታሰረ ነበር። ደረቷ ላይ የአሸዋ ከረጢት አቅፋለች፤ ክንዶቿ ዙሪያውን ይዘውታል፣ ጣቶቿም ተቆላልፈዋል። የአምቡላንሱ ሰዎች ነፍሷ ከወጣች እንደቆየ አይተው ምንም ሳይነኩ ዳር ቆመዋል።

መርማሪ ኦዴሳ ፕሩት ከረጢቱን ለምን እንዳላነሱላት ጠየቀች።

ከመካከላቸው አንዱ አንገቱን ደፋ። «ልጅ የታቀፈች ነው የምትመስለው» አለ።

ኦዴሳ ሃምሳን ያለፈች፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ ለወሬ የማትቸኩል ሴት ናት። ሬሳ ያለበት ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ ቆማ ታያለች፤ ሰው ያናገራት እንደሆነም እጇን ከፍ አድርጋ ዝም ታሰኘዋለች። ያን ጠዋት ግን ዝም የምታሰኘው ሰው አልነበረም። አዳራሹ ጭር ብሏል።

አዳራሹ ወንዙ ዳር ነው፤ ድሮ ብረት ይቀልጥበት ነበር። አሁን የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ሆኗል። መሃሉ ላይ ቀለም ያልነካው የኮምፖርሳቶ ቤት ቆሟል፤ ጣሪያ የለው፣ መስኮት የለው። ከሲሚንቶው ከፍ ብሎ የተሠራ ወለል፣ ወለሉ ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ብቻ ነው። ኖራ የወደቀችው ከዚያ ደረጃ ነው።

ሬሳዋን ያገኘው ቲየን ላም የሚባል የማሽኑ ባለሙያ ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው ቀጭን ልጅ። ሁሉንም አስረዳት። ኖራ አርክቴክት ናት። ግን እርሳስ ብቻ የያዘች አይደለችም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ማሽን ቤት መንደፍ ያስተማረችው እሷ ናት። ይኼ ቤት ለማይድኑ ሕፃናትና ለወላጆቻቸው የሚሆን ማረፊያ ነው። ኖራ ሆስፒታል እየሄደች ከእናቶችና ከነርሶች ጋር ተቀምጣለች። የታመመ ልጅ ያለው ሰው የት ይቆማል፣ የት ተደብቆ ያለቅሳል፣ ውሃ ለመቅዳት ሲነሣ በየት ያልፋል፤ ይህን ሁሉ ለማሽኑ እየመገበች አስተማረችው። ማሽኑ በአንድ ቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ቤት ይነድፍላታል። እሷ ደግሞ እየጣለች እየጣለች አንዱን ታስቀራለች። የቀረውን በእግሯ ትፈትነዋለች።

«ቤቱን መራመድ» ይሉታል። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው የተነደፈው ቤት ከነግድግዳው፣ ከነመብራቱ፣ ከነምንጣፉ ይታየዋል፤ ከእግሩ ሥር ያለው ግን አናጢው የመታው እንጨት ነው። ዓይን ያየውን እግር እንዲያረጋግጠው ነው ነገሩ። ሌላም ወግ አላቸው፤ ቤቱን የሚራመደው ሰው፣ ወደፊት ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው የሚሸከመውን ተሸክሞ ነው የሚራመደው። ምግብ ቤት ከሆነ ትሪ፣ የጫማ መደብር ከሆነ ካርቶን። ለዚህኛው ቤት ኖራ የሰባት ዓመት ልጅ የሚያህል የአሸዋ ከረጢት አሰፍታ ነበር።

«መነጽሩ ውስጥ ሆነሽ እውነተኛውን ወለል አታዪም» አለ ቲየን። «ስለዚህ መነጽር ያላጠለቀ ሰው ከጎንሽ ይሄዳል። ጥላ እንለዋለን። ያለ ጥላ አይራመድም።»

«የኖራ ጥላ ማን ነው?»

«ሁልጊዜም አለቃችን ሚስተር ኦስትራንደር ነው። ዛሬ ረፋዱ ላይ የማረፊያው ቦርድ አባላት ሊያዩ ይመጡ ነበር፤ በነሱ ፊት ነበር የሚራመዱት። እሷ ግን በማለዳ ብቻዋን መጥታለች።»

ለምን እንደሆነ ኦዴሳ ስትጠይቀው መልሱን የሰጣት አናጢው ነበር። ሳል ዲቤኔዴቶ ይባላል፤ ወፍራም፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፣ መጋዙን ተደግፎ ሲያለቅስ የቆየ።

«ዛሬ ቴሳ የሞተችበት ቀን ነው» አለ። «ልጅዋ። ሰባት ዓመቷ ነበር።»

የኖራ አባት የመጣው ሬሳው ከተነሣ በኋላ ነው። አንዲ ቭራቤል ዕድሜውን በብረት ሥራ የጨረሰ፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ ነው። የሚቀመጥበት ወንበር ቢያመጡለት እምቢ ብሎ እንጨት ክምር ላይ ተቀመጠ። ኦዴሳም ጉልበቷን እያመማት አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ልጁ ትንሽ ነገራት፤ በልጅነቷ የጎረቤቱን ሁሉ ቤት በካርቶን እየሠራች መንገድ ላይ ትደረድር እንደነበር፣ ቴሳ ከሞተች ወዲህ ከዚህ ቤት በቀር ስለ ሌላ ነገር እንደማታወራ። ከዚያ የመጣበትን ተናገረ።

«ልጄ፣ እዚህ ሁለት ወሬ ነው የሰማሁት። የቢሮው ሰዎች ማሽኑ ተሳስቶ ነው ይላሉ፤ ቦርዱም ቤቱን ሊተወው ነው አሉ። ሚስቴ አይሪን ደግሞ ቀኑን አይታ፣ ራሷን ጥላ ነው ብላ አልጋ ላይ ወድቃለች። ወይ ራሷን ገድላለች፣ ወይ የሠራችው ነገር ገድሏታል። ከሁለቱ አንዱን ይዤ ቤቴ መግባት አልችልም።»

«እውነቱ ከሁለቱ አንዱ ቢሆንስ አባቴ?»

«እሱን ካረጋገጥሽ እሸከመዋለሁ። በግምት ግን አልሸከምም።»

ኦዴሳ እስክትጨርስ እዚያው እንዲቆይ ነገረችው። እሱም ቆየ።

መጀመሪያ ቲየንን በጥያቄ ያዘችው። ከኖራ ጋር ተጣልተው እንደነበር ሳል አሹልኮላታልና። ልጁ አልካደም። ማሽኑ ከየትም ከየትም የተለቀመ ንድፍ እየበላ እንዲያድግ ይፈልግ ነበር፤ ኖራ ግን ባለቤቱን የማታውቀውን ሥዕል አላበላውም ብላ ድርቅ አለች። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ነገር ተጯጩኸዋል።

«ማሽኑ ማታ ብቻውን በንድፉ ላይ ያለውን ደረጃ ሊያዛውረው ይችላል?» ስትል ጠየቀችው።

«ሥራ ላይ እያለ ያዛውራል። ትላንት ከሰዓት ግን ለዛሬው ትዕይንት ብዬ ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።» ይህን ሲል ራሱን እያሰረ መሆኑ ገባውና ፊቱ ገረጣ። «እኔ ነኝ እንዴ የገደልኳት?»

«እሱን አብረን እናያለን» አለችው።

ሳል ደግሞ እንጨቱ ንቅንቅ እንዳላለ ማለ። «እህቴ፣ እኔ የመታሁትን ሚስማር ነቅሎ የሚወስድ ሰው ካለ አምጪልኝና ልቅጠረው» አላት። ማሽኑን እንደማይወድ አልደበቀም፤ ቲየንንም ቢሆን። «ይሄ ልጅ መዶሻ ብትሰጪው ቻርጀሩ የታለ ይላል።»

«እሱ ደግሞ መነጽሩን ሲያጠልቅ የሌለ ግድግዳ ገጭቶ ይቅርታ ይጠይቃል» አለ ቲየን ካለበት ሆኖ። ሁለቱም ፈገግ ሊሉ ሲሉ ደረጃውን አዩና ተዉት።

ኦዴሳ መነጽሩን ራሴ ላድርገው አለች። የሟቿ መነጽር በማስረጃነት ስለተያዘ ቲየን የሱን መንታ አመጣላት፤ የሚያሳየው ያንኑ የተቆለፈውን ንድፍ ነው። ሳል ጥላ ሆኖ ክርኗን ያዘ። ከኮሪደሩ መነሻ ላይ፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈ ጥቁርና ነጭ ምልክት አለ፤ ትልቅ መጽሐፍ የሚያህል ወረቀት ነው። መነጽሩ መጀመሪያ እሱን ማየት አለበት። ቤቱን ከየት ጀምሮ እንደሚዘረጋው የሚያውቀው በዚያ ነው።

መነጽሩን ባጠለቀች ጊዜ አዳራሹ ጠፋ። በአንዴ ሞቅ ያለ ቀለም የተቀባ ኮሪደር ውስጥ ገባች። ግድግዳው ዳርና ዳር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ ጠባብ መቀመጫዎች አሉ፤ ሰው ደክሞት ከነሸክሙ ቁጭ የሚልባቸው። መስኮቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ የተኛ ልጅ ውጭውን እንዲያይ። ኦዴሳ ባሏን ሆስፒታል ውስጥ ነው ያጣችው፤ የዚያ ኮሪደር ብርሃንና የፕላስቲክ ወንበሩ ትዝ አሏት። ይህን ቤት የሠራች ሴት ኮሪደር ምን እንደሆነ ታውቃለች አለች በልቧ።

እግሯን እየጎተተች እስከ ደረጃው ራስ ሄደች። ያየችው የደረጃ ጠርዝና እግሯ ያገኘው ጠርዝ አንድ ሆነ። ወረደች፤ ሁሉም ደረጃ ልክ ነው። አንድ ጣት የምታህል ልዩነት የለም።

«አየሽ» አለ ሳል፤ ኩራትም ሐዘንም ያለበት ድምፅ ነበር። «የማሽኑ ሥዕልም፣ የኔ እንጨትም ልክ ነው። ታዲያ ልጅቷን ምን ነካት?»

ኦዴሳ ተመልሳ ወጣችና ምልክቱ ጋ ስትደርስ እየተቃሰተች ተንበረከከች። ኮሪደሩ በሙሉ ደቃቅ ሰጋቱራ ለብሷል፤ ሳል የእጅ መደገፊያውን እዚያው ላይ ነበር የላገው፣ ሥራው ሳያልቅ ደግሞ መጥረግ አይወድም። ምልክቱ በአራት ማዕዘኑ በጠባብ ነጭ የወረቀት ፕላስተር ተይዟል። የእያንዳንዱ ፕላስተር ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ እንደ ትንሽ ጆሮ ብቅ ብሏል። አንዱን ጆሮ በጥፍሯ ይዛ ስትስበው ያለምንም ትግል ተነሣ። ሥሩ ሰጋቱራ ነበር።

ከዚያ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ደረጃው አቅጣጫ ሄደች። አንድ እርምጃ ያህል እንደሄደች ቆመች። እዚያ ወለሉ ላይ፣ የአንድ ወረቀት አራት ማዕዘኖች ያረፉባቸው የሚመስሉ አራት ንጹሕ ቦታዎች አሉ፤ ሰጋቱራው በአንድ ነገር ተልጦ የተነሣባቸው።

ቲየንን ጠርታ ምልክቱን ማን እንደለጠፈው ጠየቀችው።

«እኔ ነኝ። ወለሉ እንደተመታ፣ መደገፊያው ሳይሠራ በፊት። ከሳል በወሰድኩት ግራጫ ፕላስተር ነው የለጠፍኩት።» ጎንበስ ብሎ አየና ግንባሩ ተቋጠረ። «ይሄ ግን ግራጫ አይደለም።»

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው። ሳልንም እንዲሁ።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የደወለው ያኔ ነው። የኖራ ቀኝ ተረከዝ ደቅቋል አላት፤ ሜዳ ላይ ነኝ ብሎ ሙሉ ክብደቱን አሳርፎ የረገጠ፣ ሥሩ ግን ወለል ያጣ ሰው የሚሰበረው ስብራት ነው። ሌላም ነገር ጠየቀችው፣ መለሰላት። ስልኩን ዘጋችና ሚስተር ኦስትራንደር ክፍል ሄደች።

በርናርድ ኦስትራንደር የቢሮው መሥራች ነው፤ ረጅም፣ ነጭ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ ሰው። ኖራን ከትምህርት ቤት እንደወጣች የቀጠራት፣ እጇን ይዞ መስመር ያስተማራት እሱ ነው። በሩን ስታንኳኳ የንድፍ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ሊዘረጋ ነበር። ግቢ አላት፣ እጁ ግን ሥራውን አላቆመም። ያዘነ ሰው እጅ አንዳንዴ እንዲህ ነው። ከኪሱ ጠባብ ነጭ ፕላስተር አወጣ፣ ቆረጠ፣ ጫፏን ወደ ውስጥ አጠፍ አደረገ፣ የወረቀቱን ማዕዘን ያዘበት።

«ለምንድን ነው የሚያጥፉት?» አለችው።

«ሲነሣ ወረቀቱን እንዳይቀደው ነው። እኔ የተማርኩት በልምጭ ነው፤ ወረቀት የቀደደ ተማሪ ከክፍል ይወጣ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለኖራም አስተምሬያት ነበር። ዛሬ ግን ወረቀት የሚወጥር የለም። ልጆቹ ወረቀት የሚያውቁት ከቡና ስኒያቸው ነው።»

ስለ ማሽኑ ስትጠይቀው፣ ኖራ የሱን የአርባ ዓመት ንድፍ ለማሽኑ እንድታስተምር ፈቅዶላት እንደነበር ነገራት። እጅህ አብሮህ እንዳይቀበር እፈልጋለሁ ብላው ነበር፤ ከፍቅር ነው የጠየቀችው። ማሽኑ በተማረ በማግስቱ፣ እሱ ለወራት የሚለፋበትን ንድፍ ምሳ ሳይደርስ አወጣው።

«መስመሩ የኔ ነው» አለ። «የመስኮቱ አቀማመጥ፣ የደረጃው አወራረድ። እሷ ደስ ብሏት አሳየችኝ። እኔም ጎበዝ አልኳት። ምን እላታለሁ?»

«ትላንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ዛሬም ቲየን ደውሎልኝ ነው የመጣሁት።»

«ያን የመነሻ ምልክት ነክተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ከመነጽሩም ከምልክቱም ጋር ጉዳይ የለኝም። የቲየን ሥራ ነው። እኔ ጥላ ነኝ።»

ኦዴሳ አመስግናው ወጣች። ከበሩ ውጭ ብቻዋን ትንሽ ቆመች። ሰውየውን ወዳው ነበር፤ ይሄ ነው የከበዳት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ደረጃው ግርጌ ሰበሰበቻቸው። አንዲ ከእንጨት ክምሩ ላይ አልተነሣም። ቲየንና ሳል ጎን ለጎን ቆሙ፤ ኦስትራንደር ምሰሶ ተደግፏል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ነበሩ። ኦዴሳ ድምፅዋን ሳታነሣ ጀመረች፤ የምታወራውም ለአባትየው ብቻ ይመስል ነበር።

«መጀመሪያ፣ ራሷን አልጣለችም። ወደ ፊት እየሄደች ነበር፤ የተገኘችው ግን በጀርባዋ ነው። ስትወድቅ ሰውነቷን ጠምዝዛዋለች፣ አሸዋው ከላይ እንዲሆን። አሸዋ መሆኑን እያወቀች፣ ጀርባዋን ለሲሚንቶ ሰጥታ አተረፈችው። ከረጢቱ ስፌቱ እንኳ አልለቀቀም። መሞት የፈለገ ሰው በእጁ ያለውን አያተርፍም።»

አንዲ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ሁለተኛ፣ ማሽኑ አልተሳሳተም። ትላንት ተቆልፏል፣ እስካሁንም እንደተቆለፈ ነው። እሷ ታየው የነበረውን ቤት እኔም ዛሬ አየሁት፤ በእግሬም ለካሁት፣ ልክ ነው። እንጨቱም አልተነቃነቀም፣ ሚስማሩ እዚያው ነው።»

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለ ሳል።

«የሚያገናኛቸው ነገር ቀረ። ምልክቱ። ምልክቱን አንድ እርምጃ ወደ ደረጃው ብትገፉት፣ በመነጽሩ ውስጥ ያለው ቤት በሙሉ አብሮት አንድ እርምጃ ይሄዳል። ኮሪደሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ብትሄዱበት መዛወሩን አታውቁም። የምታውቁት ጫፉ ላይ ነው። ዓይናችሁ ገና ወለል አለ ይላችኋል፣ እንጨቱ ግን አልቋል። ኖራ የረገጠችው ሜዳ ነው ብላ ነው። ተረከዟ ይመሰክራል።»

ቲየን ምልክቱ ግን ቦታው ላይ እንደነበር ተናገረ፤ እሷም ስትራመድ ልክ ሆኖላታል።

«ልክ ሆነልኝ፤ ተመልሷላ። ምልክቱ ሰጋቱራ ላይ ነው የተለጠፈው፤ አንተ ስትለጥፈው ግን ሰጋቱራ አልነበረም። አንድ እርምጃ ወደፊት ደግሞ ፕላስተር ሰጋቱራውን ልጦ የተነሣበት ቦታ አለ። ሰው አንሥቶ አስጠጋው፣ በኋላ አንሥቶ መለሰው። ግራጫው ፕላስተር አንዴ ከተነሣ በኋላ ስለማይዝ፣ በራሱ ኪስ ያለውን ተጠቀመ። ጫፉንም አጠፈው። ማጠፉን አላሰበበትም፤ እጁ ያለ ሐሳብ ነው የሚያጥፈው።»

ሳል መጀመሪያ ገባው። ወደ ምሰሶው ዞረ። ቲየን ግን ገና እየታገለ ነበር፤ ኖራም እንደዚያ ታጥፋለች፣ ከሱ ተምራ፣ አለ። ሽማግሌውን ለማዳን የፈለገ ይመስል ነበር።

«አውቃለሁ» አለች ኦዴሳ። «ያስጠጋችውስ እሷ ናት እንበል። ከወደቀች በኋላ ግን ተነሥታ አልመለሰችውም። የመለሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ሳል እየቀደደ ነው የሚለጥፈው፤ አንተ በሕይወትህ ወረቀት ወጥረህ አታውቅም። ሚስተር ኦስትራንደር ግን ምልክቱን ነክቼው አላውቅም አሉኝ።»

ኦስትራንደር አልተከራከረም። ከምሰሶው ላይ ተላቀቀና ሁለት እርምጃ ወደ አንዲ ተጠግቶ ቆመ።

«እይዛታለሁ ብዬ ነበር» አለ። «በሰዎቹ ፊት፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ። ትደናቀፋለች፣ እይዛታለሁ፣ ማሽኑ ተሳሳተ ብለው ይሄዳሉ። ያ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ እኔን እንድትፈልገኝ ነው። ሃያ ዓመት አብሬያት ተራምጃለሁ አንዲ፣ አንድም ቀን ለቅቄያት አላውቅም።»

«ዛሬ ለቀቅካት» አለ ሳል።

«ሌሊቱን አልተኛሁም። በማለዳ የመጣሁት ልመልሰው ነው። በኋላው በር ገባሁ፤ በኮሪደሩ ጫፍ ቁልቁል ሳይ…»

ወንዙ ላይ የሚያልፍ የጭነት ጀልባ ሞተር ይሰማ ነበር። አንዲ ቀስ ብሎ ተነሣና ፊት ለፊቱ ቆመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እኩያ ናቸው፤ ኖራን አንዱ ወልዷት ሌላው አስተምሯታል።

«ስትደርስ ትተነፍስ ነበር?» ሲል ጠየቀው።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? ሄደህ አላየሃትም?»

ኦስትራንደር ሲመልስ ድምፁ እምብዛም አልተሰማም።

«መጀመሪያ ምልክቱን ነው የመለስኩት።»

አንዲ አልመታውም፤ አልሰደበውም። ልክ እንደማያውቀው ሰው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየውና ጀርባውን ሰጠው። ኦዴሳ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። ኦስትራንደር ሹራቡን እያስተካከለ አብሯቸው ሄደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ለማንም ሳይሆን፣ ያደረግሁትን ፍርድ ቤቱ ምን ብሎ ይጠራዋል ብሎ ጠየቀ። ኦዴሳ ስሙን እነሱ ያወጡለታል አለችው።

ቲየን ስልኩን ይዞ ወደ አንዲ ቀረበ። ለቦርዱ ልደውል ነው፣ ቤቱ ልክ መሆኑን እነግራቸዋለሁ አለው፤ እሺ ይሉ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሳል እነሱ እሺ ባይሉ እንኳ እንጨቱን ማንም አያፈርሰውም አለና አፍንጫውን በእጅጌው ጠራረገ። ሽማግሌው ሁለቱንም ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

ኦዴሳ በራሷ መኪና ወሰደችው። መንገዱ ዳገት ነው፤ ከጥግ ጥግ የተከመረው በረዶ ጥላሸት ለብሷል። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረችው።

«አባቴ፣ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። እንደወደቀች ወዲያው ነው ያለፈችው፤ ማንም ቢደርስላት የሚያደርግላት ነገር አልነበረም። እዚያ ያልነገርኩዎት ኦስትራንደር ሰምቶ እንዲቀልለት ስላልፈለግሁ ነው።»

«ይሄ ኃጢአት ነው» አለ አንዲ።

«ነው።»

«ደግ አደረግሽ።»

የቤቱ በር ክፍት ነበር። አይሪን ከአልጋዋ ተነሥታ፣ በሌሊት ልብሷ ላይ የባሏን ካፖርት ደርባ በረንዳው ላይ ቆማለች። የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ነው የወጣችው። አንዲ ከመኪናው ወርዶ የግቢውን በር ይዞ ቆመ።

«ራሷን አልጣለችም» አላት ካለበት። «የሠራችውም ልክ ነው። መርማሪዋ በእግሯ ሄዳ አይታዋለች።»

አይሪን የበረንዳውን ምሰሶ ያዘች።

«ታዲያ ምን ገደላት?»

«ሰው ማመኗ ነው።»

«ማንን?»

አንዲ በሩን ገፍቶ ገባ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ አሳያት። አይሪንም ካፖርቱን ሰብስባ ተቀመጠች። ኦዴሳ የሚቀጥለውን መስማት የሷ ድርሻ እንዳልሆነ ገባትና፣ መብራቱን ሳታበራ መኪናውን ቀስ ብላ ቁልቁል ለቀቀችው።